የጾም ትንፋሽ

ሸትቶኝ እያለ ለምን ጠየቅኋት?

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለራሴ ብዙ ነገር መልሻለሁ፤ ለምን ሳላገባ እንደቀረሁ፣ አለቆቼ ሁሉ ለምን ግትር ይሉኝ እንደነበር፣ እርሳስ ካልያዝኩ ያነበብኩት ለምን እንደማይገባኝ። ይህችን አንዷን ግን መመለስ አልቻልኩም። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። የጣት መውጊያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ጠየቅኋት።

መልሱ ባይኖረኝም ታሪኩ አለኝ። ረጅም ነው፤ ከአፍንጫዬ ይጀምራል።

ልደታ ያለው ጤና ጣቢያ ስገባ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል። ከዚያ በፊት ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ሴትዮ ቤት እሠራ ነበር። ሴትዮዋ ጥፍሯን በየሳምንቱ ቀለም የምትቀባና በየሳምንቱ የምታስለቅቅ ስለነበረች፣ የማስለቀቂያውን ሽታ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን ከሌላው ሽታ ሁሉ እለየው ነበር። ጤና ጣቢያው በገባሁ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ኮሪደሩን ከበሩ ጀምሬ ስወለውል ያው ሽታ መጣብኝ፤ እየበረታ አግዳሚ ወንበር ላይ እስከተጋደመ አንድ ሰውዬ አደረሰኝ። ተክለ ሃይማኖት ጫማ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሮጦ እንደመጣ ሰው ከሆዱ ይተነፍሳል፤ ሲያናግሩት ቃሉ ይጎተታል።

"ተይው" አለኝ ዘበኛው። "በጠዋቱ ጠጥቶ ነው፤ ይብረድለት።"

"ይሄ የመጠጥ ሽታ አይደለም።"

"ኧረ? ታዲያ የምንድን ነው?"

"የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ።"

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እንግዲህ የጫማ ነጋዴ ጥፍሩን ተቀብቶ መጣ በይኛ!"

ከኋላችን የቆመው ሰው አልሳቀም። ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ያኔ ቁስል የሚያጥበውን፣ መርፌ የሚወጋውን፣ ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም የሚሆነውን ባለሙያ ድሬሰር እንለው ነበር፤ እሳቸው የጤና ጣቢያው አንጋፋ ድሬሰር ናቸው። ከሰውዬው አፍ አጠገብ ጎንበስ ብለው ቆዩና ቀና አሉ።

"ከየት ጀምሮ ሸተተሽ?" አሉኝ።

"ከበሩ።"

"ከበሩ!" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ሰውዬውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ከሽንቱ ወሰዱና እኔን መወልወያዬን እንደያዝኩ ላቦራቶሪው በር ላይ አቆሙኝ። በሙከራ ቱቦ ውስጥ አምስት ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ የጠራ፣ የመስከረም ሰማይ የመሰለ። ስምንት ጠብታ ሽንት ጨመሩበት፤ ቆጠርኩ። ከዚያ እሳት ላይ ያዙት። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ብርቱካን፤ መጨረሻ ላይ የሸክላ ቀለም ሆኖ ቀረ።

"ይሄ ሁሉ ስኳር ነው" አሉኝ። "አፍንጫሽ ልክ ነበር።"

ሰውዬው በጤና ጣቢያው መኪና ወደ ሆስፒታል ተላከና ዳነ። እኔ ግን ከዚያ በር ላይ የተነሣሁ አይመስለኝም። ዛሬም ሳስበው ያው ሰማያዊ ፈሳሽ ዓይኔ ላይ ይዞራል። አንድ ሰው ውስጥ የሚሆነው ነገር በቀለም ይታያል፤ ይባስ ብሎ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የጽዳት ሠራተኛ አፍንጫ ድረስ ይመጣል። ማን ነው ይህን ያሰበው? በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ጋሽ ቶሎሳ ነገሩን ሲያስረዱኝ እንደ ቤት ታሪክ ነበር። ስኳር ደም ውስጥ ሞልቶ ኢንሱሊን የሚባለው ከሌለ፣ ሰውነት በር እንደተዘጋበት ሰው ስኳሩን እያየ ይራባል። ሲርበው የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ስብ ሲቃጠል አሴቶን፣ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነገር፣ ይወጣዋል። አሴቶን ደግሞ የሚተን ነገር ነው፤ በደም ዞሮ ሳምባ ሲደርስ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። "ለሁሉም ሰው አይሸትም" አሉኝ። "እዚህ ግቢ ውስጥ ካለነው ዐሥራ አራት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚሸተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ሁለት ሆንን። ስለዚህ ትማሪያለሽ።"

ተማርኩ። ከሥራ በኋላ ከልጆች እኩል ወንበር ላይ ተቀምጬ አምስተኛ ክፍል ጀመርኩ። ዐሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ አንድ፣ የነርስ ዲፕሎማዬን ስይዝ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በመካከሉ ያለው የቅጽ፣ የማመልከቻና የደመወዝ ታሪክ የማንም ሠራተኛ ታሪክ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ከጉደር ወዲያ አንድ ክሊኒክ አራት ዓመት አገለገልኩ፤ ከዚያ ወደ ልደታ ተመለስኩ። ስመለስ "የሺ" የነበርኩት "ሲስተር የሺ" ሆንኩ። ጋሽ ቶሎሳ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። የስኳር ታካሚዎች ክትትል ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ሁለቱን ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ከጎናቸው ቆምኩ።

እንዴት እንደሚሠሩ ልንገራችሁ፤ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ሰኞ ማታ ነጭ ሽንኩርት አይበሉም። ማክሰኞ ሽታ ያለው ሳሙና አይነኩም፤ እጃቸውን በውኃ ብቻ ይለቃለቃሉ። የመጀመሪያው ታካሚ እስኪገባ መስኮት አያስከፍቱም። ተቀምጠው አያሸቱም፤ ይቆማሉ፤ ታካሚው ይቀመጣል። መጀመሪያ እናቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሩ የት እንደሆነ ይጠይቁታል። ጨዋታ ይመስላል፤ ጨዋታ አልነበረም። ሰው ሲያወራ አፉ ውስጥ የቆየው አየር፣ የቁርሱ፣ የጥርሱ ሽታ ይወጣል። ከዚያ፣ "በል አሁን ሳበው፤ ያዘው" ይሉና በልባቸው እስከ አምስት ይቆጥራሉ። "ልቀቀው፤ እስከ መጨረሻው፤ አለቀ ስትል ደግሞ ጨምር።" ፊታቸውን የሚያቀርቡት አለቀ ከተባለ በኋላ ለምትመጣው ለዚያች ጭላጭ ትንፋሽ ነበር። "የመጀመሪያው የአፍ ነው" ይሉኝ ነበር። "የመጨረሻው የደም ነው።"

አንድ ኃላፊ ነበረን፤ ከመመሪያ ውጭ ውኃ የማይጠጣ። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ጋሽ ቶሎሳ አንዲት አሮጊት ላይ ጎንበስ ብለው አገኛቸው።

"አቶ ቶሎሳ፣ ሰው ማሽተት በየትኛው መመሪያ ነው ያለው? ውሻ ብንቀጥር ደመወዙ ይቀንስልን ነበር እኮ።"

"ውሻ ካርድ አይጽፍም ጌታዬ" አሉት ቀና ሳይሉ። አሮጊቷ በመጨረሻው ትንፋሿ ሳቀችባቸውና እንደገና ጀመሩ።

ከልማዳቸው ሁሉ ጥብቁ ግን ከሽታው በኋላ ያለው ነበር። ከሸተታቸው አንድ ቃል አይናገሩም። ጣት ይወጋሉ ወይም ሽንት ይወስዳሉ፤ ውጤቱ ካርዱ ላይ ከተጻፈ በኋላ ነው አፋቸው የሚፈታው። አንድ ጊዜ እኔ ቀድሜ አንዱን ሰውዬ "ምን በልተህ ነው?" ስለው እጄን ያዙኝ። ሰውዬው ሲወጣ እንዲህ አሉኝ፤ "ከሸተተሽ አትጠይቂ። መጀመሪያ ለኪ። ሰው ስትጠይቂው ምክንያት ይሰጥሻል፤ ምክንያት ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፣ ደስ ይላል፣ ወረፋ ያሳጥራል። ከዚያ በኋላ አፍንጫሽን አታምኚውም።"

ይህን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ የማክሰኞውን ክፍል ለብዙ ዓመት ብቻዬን ያዝኩት። ሰማያዊው ፈሳሽ ቀረ፤ በጠብታ ደም የሚሠራው መለኪያ መጣ። እኔ ግን ከመለካቴ በፊት ማሽተቴን አልተውኩም። አንዳንድ ቀን መለኪያው የሚጠቀምበት ስትሪፕ ለሁሉም አይበቃምና፣ ለማን እንደማስቀድም አፍንጫዬ ይነግረኝ ነበር። ስንቱን ከበር መለስኩት። አንዱን የታክሲ ሾፌር ወረፋው ሰለቸኝ ብሎ ሲወጣ ኮሪደር ላይ በአጠገቤ ስላለፈ ብቻ ይዤዋለሁ። "ሴትዮ ምን ሆንሽ?" እያለ ነበር የተመለሰው። በየጊዜው ያው መደነቅ ይመለስብኛል፤ ሰው ምንም ሳይነካ፣ ሳይደማ፣ ውስጡን በአየር ሲናገር።

አሁን ወደ ትርሲት ልምጣ።

ትርሲት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች። ኢንሱሊን መውሰድ የጀመረችው በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ የእኔ ነበረች። መርፌውን ራሷን እንድትወጋ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የማነበውን መጽሐፍ ርዕስ ጎንበስ ብላ ሳታይ አትቀመጥም፤ "ሲስተር፣ ይሄኛውስ ያልቃል?" ትለኛለች።

ፍልሰታ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀበት ማክሰኞ፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፍልሰታ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የማይጾመው ሁሉ ይጾማል፣ ልጆች ሳይቀሩ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል ውኃ አይቀምሱም። አሁን ደግሞ ከመጽሐፍ የማውቀውን ልጨምር። የጾመ ሰው ሰውነትም ስቡን ያቃጥላል። እሱም አሴቶን ይወጣዋል። የጾመኛና ኢንሱሊን ያነሰው ታካሚ ትንፋሽ፣ መጠኑ ይለያይ እንደሆነ እንጂ፣ ነገሩ አንድ ነው። ትርሲት ከመግባቷ በፊት አራት ሰው አሽትቼ አራቱም ሸትተውኛል፤ አራቱንም ለካሁ፤ አራቱም ደህና ነበሩ። እኔም ራሴ ጾመኛ ነበርኩ፤ ነጠላዬ ከቅዳሴ እንደመጣሁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ገባች። ፊቷ ትንሽ ገርጥቷል።

"እንዴት ነሽ ትርሲት?"

"ደህና ነኝ ሲስተር። ትንሽ ድክም ብሎኛል።"

አስተነፈስኳት። ሸተተኝ። ከአራቱ ይበልጥ ነበር፣ ወይም ዛሬ ላይ ሆኜ ይበልጥ የነበረ ይመስለኛል፤ ይህንንም አላውቀውም። እጄ ወደ መውጊያው ሄደ። ከዚያ ጠየቅኋት።

"ጾመሽ ነው እንዴ?"

ፊቷ በራ። "አዎ! ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ ቀን አላፈረስኩም።"

"ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ረሳሽው?"

"ሲስተርዬ፣ ዐሥራ አምስት ቀን ናት እኮ። ለእመቤታችን።"

"መድኃኒትሽንስ?"

"እወስዳለሁ።"

እጄ ከመውጊያው ላይ ተነሣ። ፈገግ አልኩ፤ ፈገግ ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ። የወሩን ኢንሱሊን ሰጠኋት፣ ካርዱ ላይ "ደህና" ብዬ ጻፍኩ፣ ከውጭ የተቀመጠውን ሰው ጠራሁ። ስትሪፕ ሞልቶ ነበር። ያን ቀን እንኳ አልጎደለም።

ዓርብ ሌሊቱን ታማ ሆስፒታል ገባች። ቅዳሜ አረፈች።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ እናቷ እትዬ ብርሃኔ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልጅቷ ካልበላሁ መድኃኒቱ ይጥለኛል ብላ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ትወጋ እንደነበር፣ ይህንንም ሆስፒታል ከተኛች በኋላ እንደነገረቻቸው እያለቀሱ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞረው እጄን ከፍ አድርገው ያዙ።

"ይቺ ናት ሲስተሯ! ማክሰኞ ዕለት እንኳ እንዴት ነሽ፣ ጾመሽ ነው ወይ ብላ ጠይቃታለች። ከቤት ውጭ የጠየቃት ሰው ይቺ ብቻ ናት።"

ሰው ሁሉ እግዜር ይስጥሽ አለኝ። እኔ ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ጋሽ ቶሎሳ በሕይወት ነበሩ፤ በየወሩ እጠይቃቸው ነበር፤ "ማክሰኞ እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ደህና ነው" እላቸው ነበር። እንደዚያ እንዳልኳቸው አረፉ። ሥራዬን አላበላሸሁም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሳልለካ ያሳለፍኩት ሰው የለም፤ በስትሪፕ ወጪ ከሁለት ኃላፊዎች ጋር ተጣልቻለሁ። ግን እትዬ ብርሃኔም እኔም የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ብሎካችን ፊት ለፊት ነው። ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ፤ ባዩኝ ቁጥር "ሲስተርዬ፣ የልጄ ወዳጅ" ይሉኛል። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ያንኑ የድንኳኑን ቃል ይደግሙታል። አንዳንድ ቀን ከበረንዳ ወደ ታች አይቼ እሳቸው ካሉ አልወርድም።

ጡረታ ወጣሁ። ሽኝት ተደረገልኝ፣ ሰዓት ተሰጠኝ፣ ንግግር አድርጊ ሲሉኝ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

በዓመቱ ዶክተር ሳምራዊት የምትባል ወጣት ሐኪም ስልክ ደወለችልኝ። ስኳር ታካሚዎችን ያለ መርፌ፣ በትንፋሽ ብቻ መከታተል ይቻል እንደሆነ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ናት። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸዋል።

"ሲስተር የሺ፣ ይቅርታ፣ አያውቁኝም። ግን ማንን ስጠይቅ፣ ትንፋሽ ከሆነ ነገሩ ሲስተር የሺን ጥሪ ይሉኛል። እውነት ነው እንዴ? በአፍንጫዎ ያውቁ ነበር?"

"እጠረጥር ነበር" አልኳት። "የማውቀው ስለካ ነው።" ቃል ሲዛነፍ አልወድም።

ሄድኩ። ድሮ ፎርማሊንና መወልወያ የምናስቀምጥበት ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ከትንሽ ሬዲዮ የማይበልጥ ሳጥን ተቀምጧል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየር የፕላስቲክ መንፊያ አለው።

"እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ሰውዬው ይነፋል ሲስተር። ግን የመጀመሪያውን አየር አይወስድም። የአፍ አየር ነው ብሎ ይለቀዋል። የሚይዘው ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ያለውን ነው፤ ከሳምባ ጥልቅ፣ ከደም ጋር የተገናኘውን።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዶክተር ሳምራዊት የታመምኩ መስሏት ደነገጠች። ምን ልበላት? ያን መሣሪያ የሠሩት ሰዎች የት አገር እንዳሉ አላውቅም፤ ጋሽ ቶሎሳ የሚባል ሰው ልደታ እንደነበረ አያውቁም፤ ግን እሳቸው ቆመው፣ በልባቸው እስከ አምስት ቆጥረው የሚጠብቋትን ያችን ጭላጭ ትንፋሽ ሳጥኑም ይጠብቃታል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ አሴቶን ብትኖር ለቅሞ በቁጥር ያወጣታል። እኔ "ሸተተኝ" እል የነበረውን እሱ በነጥብ ከፋፍሎ ይጽፈዋል። ራሴ ነፋሁበት። ቁጥሬ ሲወጣ፣ ስድሳ ዓመት ስተነፍስ የኖርኩት እኔን መሆኑን ያኔ ያወቅሁ መሰለኝ።

በሳምንት ሁለት ቀን እንዳግዛቸው ተስማማሁ። አነፋፉን ማስተማር የእኔ ሆነ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ እንደ ፊኛ ይነፋው ነበር። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ከማኅበር ጠላ ጠጥተው መጥተው ሲነፉ ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። "ሲስተር፣ ማሽንሽ ሰከረብሽ" አሉኝ። "እኔ ማን እንደሰከረ አውቃለሁ ጋሼ፤ ነገ ይምጡ" አልኳቸው። የእጅ ማጽጃው አልኮልም እንደሚያሳስተው ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከክፍሉ አስወጣሁትና እጃችንን በውኃ ብቻ መለቃለቅ ጀመርን። መሣሪያው የጣት መውጊያውን ገና አልተካም፤ ይተካ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው የሚያጠኑት። የነፋ ሁሉ ወዲያው ጣቱን ተወግቶ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

ቅጹን ሳነበው ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። አራተኛው ጥያቄ "ጾመዋል?" ይላል፤ ከመንፋት በፊት የሚጠየቅ ነው።

"ሳሚ፣ ይህ ጥያቄ ወደ መጨረሻ ይሂድ" አልኳት። "ከትንፋሹም፣ ከደሙም በኋላ።"

"ለውጤቱ ለውጥ አያመጣም እኮ ሲስተር። ማሽኑ መልሱን አይሰማም።"

"ማሽኑ አይሰማም። የምትለካዋ ነርስ ግን ትሰማለች።"

አየችኝ። "የሆነ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?"

ያኔ ልነግራት እችል ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። "ልምድ ነው" አልኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ጥያቄው ወደ መጨረሻ ሄደ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ያዘ። አንድ ጠዋት ዝርዝሩን ሳይ አምስተኛው ስም ላይ ደረስኩና ወረቀቱን አስቀመጥኩ። እትዬ ብርሃኔ ነበሩ። ስኳር እንደተገኘባቸው ሰምቻለሁ፤ በኪኒን ነው የሚከታተሉት። ለሌላዋ ነርስ ላስተላልፋቸው አሰብኩ። ሌላዋ ነርስ ያን ቀን አልመጣችም።

"ሲስተርዬ!" ብለው ገቡ። "አንቺ እንዳለሽ ብነግራቸው እኮ ሁሉም ሴት ከብሎካችን ይመጣ ነበር።" በሩ ላይ ወረፋ ለያዘው ሰውዬ ደግሞ ዞረው "የልጄ ወዳጅ ናት" አሉት።

አስቀመጥኳቸው። አስተማርኳቸው። ነፉ፤ ጥሩ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ምንም ሳልናገር ጣታቸውን ወጋሁ። የደም ስኳራቸው ደህና ነበር። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

"ጾመዋል እትዬ ብርሃኔ?"

"እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። የነፍስ አባቴ ከዚያ በላይ ከለከሉኝ።" ጣታቸውን በጥጥ እየያዙ ሳቁ። "መጀመሪያ ብትጠይቂኝ ኖሮ ሳትወጊኝ እነግርሽ ነበር እኮ። ለምን መጨረሻ ላይ?"

ለዶክተር ሳምራዊት የሰጠሁት መልስ አፌ ላይ ነበር። ልምድ ነው። ዓይናቸው ግን በዘጠኝ ዓመቱ እምነት እያየኝ ነው።

"ትርሲትን መጀመሪያ ስለጠየቅኋት ነው" አልኩ።

ጥጡን የያዘው እጃቸው ቆመ።

"ያን ማክሰኞ ትንፋሿ ሸትቶኝ ነበር። የስኳሩ ሽታ። ጣቷን መውጋት ነበረብኝ፤ መለኪያው ፊቴ ነበር። ጾመሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አዎ አለችኝ፤ የጾም ነው ብዬ ሸኘኋት። ያን ዕለት ብለካት ሆስፒታል እልካት ነበር። እርስዎ ጠየቀቻት ብለው የሚያመሰግኑኝ ለዚያ ነው። ጥፋቴ እሱ ነው።"

ከውጭ የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ሲሄድ እያየሁት ነበር።

"ዘጠኝ ዓመት ደጄ ላይ ስትመላለሺ" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"አዎ።"

"ስስምሽ።"

"አዎ።"

ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሄዱ መብታቸው ነው። አልተነሡም። ጥጡን በሁለት ጣታቸው ያሽከረክሩታል።

"ምን ይሸት ነበር?" አሉኝ።

"አሴቶን ይባላል። ያለፈበት ፍራፍሬ ነገር። ጣፋጭ፣ ግን የሚያቃጥል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው፣ ብዙ ጊዜ። "ሰኞ ማታ ስሜያት ሸትቶኛል" አሉ። "ቤት ውስጥ። ትራሷም ላይ። ልጄ ጾሟን ጠበቀች ብዬ…" ቃሉ ጠፋባቸው፤ ፈልገው አገኙት። "ደስ ብሎኝ ነበር ሲስተር። ለሰው ነግሬ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር።"

እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነበር፤ እጃቸውን አጠገቡ አኖሩት፤ አልያዙኝም፤ አጠገቡ ብቻ።

ወረፋ የያዘው ሰውዬ በሩን ገፍቶ አንገቱን አስገባ። "እማማ፣ እኛም ሥራ አለብን እኮ! መንፋት ይሄን ያህል ይፈጃል?"

እትዬ ብርሃኔ ዞር ሳይሉ መለሱለት።

"ቆይ ልጄ፣ በሩን ዝጋው። እየተነጋገርን ነው።"